«ሂ ሴድ ሚ» ለምን ስሕተት ሆነ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ዕትም መልስ የምንሰጥባቸው ደብዳቤዎች የተላኩት ከተለያየ ቦታ ቢሆንም ሁሉም የሚያጠነጥኑት በአንድ ጉዳይ ላይ ነው። አማርኛ «አለ»፣ «ነገረ»፣ «ተናገረ»፣ «አወራ» እያለ የሚለያቸውን የንግግር ተግባራት እንግሊዝኛ በሌላ ድንበር ስለሚለያያቸው፣ ቃሉን ከመዝገበ ቃላት አግኝቶ በትክክለኛው ቦታ ማስገባት ብዙዎችን ያስቸግራል። ደብዳቤዎቹን ለአምዱ እንዲስማሙ አሳጥረናቸዋል፤ የእንግሊዝኛ ቃላቱንም እንደ አነባበባቸው በፊደላችን ጽፈናል።

ጥያቄ፦ በደሴ ከተማ የስምንተኛ ክፍል የእንግሊዝኛ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ «ሂ ሴድ ሚ» ብለው ይጽፋሉ። «ሂ ቶልድ ሚ» ብዬ ሳርምላቸው ምክንያቱን ይጠይቁኛል፤ ደንቡ እንደዚያ ነው ከማለት በቀር የሚያረካ መልስ አልሰጠኋቸውም። «ሴይ» እና «ቴል» ሁለቱም መናገር ከሆኑ ልዩነታቸው ምኑ ላይ ነው?

መልስ፦ ተማሪዎችዎን የሚያሳስታቸው የገዛ ቋንቋቸውን ሰዋስው በሚገባ ማወቃቸው ነው። በአማርኛ «አለ» የሚለው ግስ ሰሚውን በጅራቱ ይዞ ይሄዳል፤ «አለኝ»፣ «አለሽ»፣ «አላቸው» ስንል የተናጋሪውም የሰሚውም ማንነት በአንዲት ቃል ውስጥ ይታወቃል። «ነገረኝ»፣ «ነገረሽ»፣ «ነገራቸው» የሚሉትም በዚሁ መንገድ የሚሠሩ ናቸው። ስለዚህ በልቡ «አለኝ» እያለ የሚጽፍ ተማሪ «ሴድ» ከሚለው ቃል አጠገብ «ሚ»ን ቢያስቀምጥ በአማርኛው ሚዛን እንከን የለበትም።

በእንግሊዝኛ ግን ሁለቱ ግሶች ከኋላቸው እንዲመጣ የሚፈልጉት ነገር የተለያየ ነው። «ሴይ» የሚፈልገው የተባለውን ነገር ነው፤ ሰሚው ባይጠቀስ ቅር አይለውም፣ ከተጠቀሰም «ቱ» በሚለው መስተዋድድ በኩል መግባት አለበት። «ቴል» ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ «ለማን?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሰሚውንም ያለ አንዳች መስተዋድድ አጠገቡ ማየት ይፈልጋል። «ሺ ሴድ ዛት ሺ ዎዝ ሲክ» እና «ሺ ቶልድ ሚ ዛት ሺ ዎዝ ሲክ» ሁለቱም ትክክል ናቸው። «ሺ ቶልድ ዛት ሺ ዎዝ ሲክ» የሚለው ግን ሰሚው ስለጠፋ፣ «ሺ ቶልድ ቱ ሚ» የሚለው ደግሞ የማያስፈልግ መስተዋድድ ስለገባበት ስሕተት ነው። ተማሪዎችዎ የመጀመሪያውን ስሕተት ሲያርሙ ወደ እነዚህ ወደ ሁለቱ እንዳይሸጋገሩ ቢጠነቀቁላቸው መልካም ነው፤ የታረመ ተማሪ «ቴል»ን ሁሉ ቦታ ማስገባት ይጀምራል።

ሰሚ የማያስፈልጋቸው ጥቂት የ«ቴል» አገላለጾች አሉ፤ «ቴል ዘ ትሩዝ»፣ «ቴል ኤ ላይ»፣ «ቴል ኤ ስቶሪ»፣ «ቴል ዘ ታይም»፣ «ቴል ዘ ዲፈረንስ»። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ የሰዓት ቆጣሪን ንባብ ማወቅና ልዩነትን መለየት ማለት ስለሆኑ ንግግር ጨርሶ የለባቸውም። የዚህ ምክንያቱ ከታሪክ የመጣ ነው፤ በጥንታዊው እንግሊዝኛ ግሱ መቁጠርና ማስላት የሚል ትርጉምም ነበረው። ዛሬ ባንክ ቤት ገንዘብ ቆጥሮ የሚሰጠው ሠራተኛ «ቴለር» የሚባለው በዚሁ ምክንያት ነው። የእንግሊዝኛ ዘመድ በሆነው በጀርመንኛም «ጼለን» መቁጠር፣ «ኤርጼለን» ደግሞ መተረክ ነው።

ሌላው ልብ ሊባል የሚገባው «ቴል» ትእዛዝም እንደሚሆን ነው። «ሂ ቶልድ ሚ ቱ ጎ» ማለት እንድሄድ አዘዘኝ ማለት ነው፤ በጨዋነት የቀረበ ልመና ከነበረ «ሂ አስክድ ሚ ቱ ጎ» ይባላል። አለቃቸው በትሕትና የጠየቃቸውን ነገር «ቶልድ ሚ» ብለው ሲጽፉ ሰውየውን ሳያስቡት ትእዛዝ አብዢ የሚያደርጉ ጸሐፊዎች አሉ።

ሁለቱ ቋንቋዎች የሚስማሙበትም ቦታ አለ፤ ተማሪዎችዎ ደስ የሚላቸውም ይኸው ይመስለኛል። «ሰዓቱ ስንት ይላል?»፣ «ማስታወቂያው ምን ይላል?»፣ «ደብዳቤው ምን ይላል?» እንደምንለው ሁሉ በእንግሊዝኛም ሰዓቱም ማስታወቂያውም ደብዳቤውም «ሴዝ» ይባልላቸዋል፤ በእንዲህ ያለ ጥያቄ «ቴልዝ» ግን አይባልላቸውም። «እናትህን ሰላም በልልኝ» የሚለውም «ሴይ ሄሎ ቱ ዩር ማዘር ፎር ሚ» ይሆናል። እግረ መንገዴን ላንሣው እንጂ፣ ያለፈው ጊዜ «ሴድ» እና የሦስተኛ መደቡ «ሴዝ» በአጭሩ የሚነበቡ ናቸው፤ «ሴይድ» እና «ሴይዝ» እያሉ መሳብ ከተማሪዎች አልፎ ከመምህራን አንደበትም ይሰማል።

ጥያቄ፦ በአዲስ አበባ በአንድ የሕክምና ተቋም የእንግዳ መቀበያ ሠራተኛ ነኝ። ሐኪሙ በስልክ የነገሩኝን መልእክት ለውጭ አገር ባልደረባችን ስጽፍላት «ዘ ዶክተር ሴድ አይ ዊል ካም ቱሞሮ» አልኋት። በማግስቱ ሐኪሙን ትታ እኔን ስትጠብቅ ዋለች። ሰዋስዉ ላይ ስሕተት አላየሁበትም፤ ችግሩ የት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው፤ ከሰዋስው አንጻር ዓረፍተ ነገሩ ንጹሕ ነው። የሚናገረው ግን ስለ ሌላ ሰው ነው። እርስዎ በልብዎ የያዙት «ዶክተሩ ነገ እመጣለሁ ብለዋል» የሚለውን ነበር። አማርኛ የሰውን ቃል ከአፉ እንደወጣ ተቀብሎ «አለ» የሚለውን መዝጊያ ያደርግበታል፤ «እመጣለሁ» የሚለው «እኔ» ሐኪሙ መሆናቸውን አድማጭ ሁሉ ያውቃል። እንግሊዝኛ አንባቢ ግን የጥቅስ ምልክት ካላየ በቀር «አይ» የሚለውን የሚሰጠው ዓረፍተ ነገሩን ለጻፈው ሰው ነው። ባልደረባዎ ያነበቡት «ዶክተሩ እኔ ነገ እንደምመጣ ተናግረዋል» ተብሎ ነው፤ ስለዚህ እርስዎን መጠበቃቸው ተገቢ ነበር።

መፍትሔው ከራሱ ከአማርኛ ውስጥ ይገኛል። አማርኛ ቀጥተኛውን አነጋገር ያዘወትራል እንጂ ቀጥተኛ ያልሆነው አጥቶት አይደለም፤ «እመጣለሁ አሉ» የሚለውን «እንደሚመጡ ተናገሩ» ብሎ መለወጥ ይቻላል። ወደ እንግሊዝኛ ከመሻገርዎ በፊት ዓረፍተ ነገሩን በልብዎ ወደዚህ መልክ ይለውጡት። «እንደሚመጡ» በሚለው ውስጥ «እኔ» ስለሌለ «አይ» የሚል ቃል ሊገባበት አይችልም፤ ውጤቱም «ዘ ዶክተር ሴድ ሂ ዉድ ካም ቱሞሮ» ይሆናል። «ዊል» ወደ «ዉድ» የተለወጠው «ሴድ» ያለፈ ጊዜ ስለሆነ ነው፤ ነገሩ ገና የሚፈጸም ከሆነ «ዊል» እንዳለ ቢቀመጥም ተቀባይነት አለው። መልእክቱ ከሳምንት በኋላ የሚነገር ከሆነ ደግሞ «ቱሞሮ» ቀርቶ «ዘ ኔክስት ዴይ» መባል አለበት፤ አለዚያ አንባቢው መልእክቱ ከደረሰው ቀን ጀምሮ ይቆጥራል።

ትእዛዝና ጥያቄም በዚሁ መንገድ ይስተካከላሉ። «ና አለኝ» የሚለው «እንድመጣ ነገረኝ» ሆኖ «ሂ ቶልድ ሚ ቱ ካም» ይሆናል። «የት ነህ አለኝ» የሚለው ደግሞ «የት እንዳለሁ ጠየቀኝ» ሆኖ «ሂ አስክድ ሚ ዌር አይ ዎዝ» ይሆናል፤ አማርኛ ለጥያቄም ለትእዛዝም ለወሬም «አለ»ን ሲጠቀም እንግሊዝኛ ለእያንዳንዱ የተለየ ግስ ይጠይቃል።

«አለ» ከንግግር ውጭም ብዙ ሥራ አለበት። «ይመጣል ብዬ ጠበቅሁት» ስንል የተናገርነው ነገር የለም፤ አስበን ነው፣ ስለዚህ እንግሊዝኛው «ሶት» እንጂ «ሴድ» አይደለም። «ለልጆቼ ብዬ» ማለት ለእነርሱ ስል ማለት ነው። «ዝም አለ» የሚለውን በ«ሴድ» የሚተረጉም ሰው ዝምታን ንግግር ያደርገዋል፤ «እምቢ አለ» የሚለውም ቃል ሳይወጣ በራስ መነቅነቅ ብቻ ሊፈጸም ይችላል፣ እንግሊዝኛውም «ሪፊውዝድ» ነው። «ቁጭ አለ»፣ «ቀስ አለ»፣ «ብድግ አለ» የሚሉትን እዚህ ብንዘረዝር አምዱ አይበቃንም።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። በአሜሪካ ፍርድ ቤቶች የሚሠሩ አስተርጓሚዎች ምስክሩ «አየሁት» ሲል «አይ ሶው ሂም» ብለው በአንደኛ መደብ እንዲያስተላልፉ ሙያው ያስገድዳቸዋል፤ «ሂ ሴዝ ሂ ሶው ሂም» ማለት አይፈቀድላቸውም። ስለ ራሳቸው መናገር ሲፈልጉ ራሳቸውን «ዘ ኢንተርፕሪተር» ብለው በሦስተኛ መደብ ይጠራሉ። በዚያ ቦታ ችሎቱ በሙሉ «እኔ» የሚባለው ማን እንደሆነ አስቀድሞ ተስማምቶበታል፤ በእርስዎ የጽሑፍ መልእክት ላይ ግን እንዲህ ያለ ስምምነት አልነበረም።

ጥያቄ፦ በሐዋሳ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። «አይ ቶክ ኢንግሊሽ» ብዬ በመጻፌ ነጥብ ተቀነሰብኝ። «ቶክ»ም «ስፒክ»ም ማውራት አይደሉም እንዴ?

መልስ፦ ሁለቱም በድምፅ መናገር ናቸው፤ ነገር ግን ቋንቋን ማወቅ የሚገለጸው በ«ስፒክ» ብቻ ስለሆነ መምህርሽ ተገቢውን አድርገዋል። «ሺ ስፒክስ ሲዳሚኛ» ሲባል በዚህች ሰዓት ትናገር አትናገር ማለት ሳይሆን ቋንቋውን ትችላለች ማለት ነው።

በቀረው አጠቃቀማቸው ልዩነቱ የሚታየው በንግግሩ ዓይነት ነው። «ቶክ» ሁለት ሰዎች እየተቀባበሉ የሚያደርጉትን ጭውውት ይመስላል፤ «ስፒክ» ደግሞ ወደ አንድ ወገን ያደላና ደንብ የያዘ ነው። በስብሰባ መድረክ ላይ የወጣ ሰው «ስፖክ» ይባልለታል፤ ከስብሰባው በኋላ በቡና ሰዓት ከሰዎች ጋር ቆሞ የነበረው «ቶክድ» ይባልለታል። ስልክ ደውለሽ ሰው ስትፈልጊ «ሜይ አይ ስፒክ ቱ…» ማለት ጨዋነት ነው። አፉን በመፍታት ላይ ያለ ሕፃን «ኢዝ ለርኒንግ ቱ ቶክ» ይባላል እንጂ «ስፒክ» አይዘወተርለትም። ከድንጋጤ የተነሣ ቃል ማውጣት ያቃተው ሰው ግን «ኩድ ኖት ስፒክ» ይባላል። ጓደኛሽ «ዊ ኒድ ቱ ቶክ» ካለችሽ ቁም ነገር አለና ቁጭ ብለን እንነጋገር ማለቷ ነው፤ ርእሰ መምህሩ «አይ ዉድ ላይክ ቱ ስፒክ ቱ ዩ» ካሉሽ ግን የምታዳምጪው አንቺ ልትሆኚ ትችያለሽ።

ከዚህ ሁሉ ይበልጥ ለፈተና የሚጠቅምሽ ግን የሚከተለው ነው። «ስፒክ»ም «ቶክ»ም የተባለውን ነገር በ«ዛት» አይቀበሉም። በአማርኛ «ፈተናው እንደሚራዘም ተናገሩ» ስለሚባል «ዘይ ስፖክ ዛት ዘ ኤግዛም…» ብሎ መጀመር ይቀላል፤ ይህ ግን ፈጽሞ አይባልም። የተባለው ነገር ከተጠቀሰ «ሴድ»፣ ከነሰሚው ከተጠቀሰ «ቶልድ» ይገባል። «ስፒክ» እና «ቶክ» የሚቀበሉት «አባውት» ብለው ርእሱን፣ ወይም «ቱ» ብለው ሰውየውን ብቻ ነው። ከሰው ጋር ሲሆን «ቶክ ቱ» በሁሉም ዘንድ ይባላል፤ «ቶክ ዊዝ» የሚለው በአሜሪካ ይበዛል።

ከነዚሁ ግሶች የወጡት ስሞችም መታወቅ አለባቸው። የምክር ቤት «ስፒከር» ብዙ ከመናገሩ የተነሣ እንዲህ የተባለ ይመስላል፤ እንዲያውም ከወንበሩ ሆኖ በክርክሩ ብዙም አይገባም። በእንግሊዝ አገር ስሙ የወጣው የሕዝቡን ምክር ቤት ቃል ለንጉሡ የሚያደርስ ሰው በመሆኑ ነበር፤ በዚህ ማዕረግ ለመጀመሪያ ጊዜ የተመዘገቡት በ1377 እ.ኤ.አ. ሰር ቶማስ ሀንገርፎርድ ናቸው። የእኛው «አፈ ጉባኤ» ይህንኑ የውክልና ትርጉም ከእንግሊዝኛው በተሻለ ግልጽ ያደርገዋል፤ በዘውድ ዘመን የዳኞች የበላይ «አፈ ንጉሥ» ይባሉ እንደነበረም ከታሪክ ትምህርት ታስታውሺያለሽ። «ቶክስ» ደግሞ በብዙ ቁጥር ሲነገር ድርድር ማለት ነው። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት የተፈረመበትን ድርድር የእንግሊዝኛ ዜናዎች «ፒስ ቶክስ» ሲሉት የነበረው ለዚህ ነው። አንድ ሰው ለአድማጮች ያቀረበው ንግግር ግን «ኤ ቶክ» ተብሎ በነጠላ ይጠራል።

ጥያቄ፦ «ዲስከስ አባውት» ይባላል አይባልም በሚል ከባልደረቦቼ ጋር ተከራክረናል። ዳኙን። ከመቀሌ።

መልስ፦ አይባልም። «ዲስከስ» ርእሱን ያለ መስተዋድድ ይቀበላል፤ «ዊ ዲስከስድ ዘ በጀት» ይበቃል። «ሜንሽን»ም እንዲሁ ነው። ባልደረቦችዎን ያሳሳታቸው «ዲስከሽን» የሚለው ስም ይሆናል፤ ለእርሱ «አባውት» ይፈቀድለታል። «ኤክስፕሌን» ግን ሌላ ጠባይ አለው፤ «አስረዳኝ» ለማለት «ኤክስፕሌን ሚ» ማለት ስሕተት ሲሆን «ኤክስፕሌን ኢት ቱ ሚ» መባል አለበት። «አንሰር» ያለ «ቱ»፣ «ሪፕላይ» ከነ «ቱ» ይሄዳሉ።

ጥያቄ፦ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ ነኝ። የአማርኛ ዜናችንን ወደ እንግሊዝኛ ስመልስ «ገለጹ»፣ «አስታወቁ»፣ «ጠቆሙ»፣ «አስገነዘቡ»፣ «አሳሰቡ»፣ «አረጋገጡ» የሚሉትን በምን እንደምተካቸው እቸገራለሁ። ሁሉንም «ሴድ» ብል ቋንቋዬ ድሃ እንደሆነ ይነገረኛል።

መልስ፦ የሚነግሩዎትን አይስሟቸው። የአማርኛ ዜና አጻጻፍ አንድን ግስ በተከታታይ አንቀጾች መደጋገምን እንደ ነውር ስለሚቆጥር፣ ባለሥልጣኑ በመጀመሪያው አንቀጽ ይገልጻሉ፣ በሁለተኛው ይጠቁማሉ፣ በሦስተኛው ያስገነዝባሉ፣ በመጨረሻም ያሳስባሉ። አብዛኛውን ጊዜ እነዚህ ግሶች የተመረጡት ለመለዋወጫ እንጂ ለትርጉም ልዩነት አይደለም፤ አንባቢውም ይህን ስለለመደ ልዩነት አይፈልግባቸውም። የእንግሊዝኛ ዜና አንባቢ ግን ከ«ሴድ» የወጣ ግስ ባየ ቁጥር ጸሐፊው አንድ ነገር ሊጠቁመኝ ፈልጓል ብሎ ያስባል። ታላላቅ የዜና ወኪሎች «ሴድ»ን የሚመርጡት ወደ ማንም የማያደላ ገለልተኛ ግስ ስለሆነ ነው፤ በአንድ ገጽ አሥር ጊዜ ቢመጣም ዓይን አያቆመውም።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። «የቢሮው ኃላፊ የመንገዱ ግንባታ መጠናቀቁን ገለጹ» የሚል ዓረፍተ ነገር አለ እንበል። «ሪቪልድ» ወይም «ዲስክሎዝድ» ብለው ከተረጎሙት አንባቢው የመንገዱ መጠናቀቅ እስከ ዛሬ በምሥጢር ተይዞ ነበር ብሎ ይረዳል፤ በአገራችን የእንግሊዝኛ ዜናዎች ውስጥ ከሚዘወተሩት ስሕተቶች ሁሉ ይህኛው እጅግ ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ምንም የተደበቀ ነገር የሌለበትን መሥሪያ ቤት ደባቂ ያስመስለዋል። «ኤክስፕሌንድ» ካሉ ደግሞ ኃላፊው አንድን ውስብስብ ነገር እየተነተኑ ነው ማለት ነው፤ መንገዱ አለቀ በሚለው ውስጥ ግን የሚተነተን ነገር የለም። «ኮንፈርምድ» ቢሉ ቀደም ሲል ወሬ ወይም ጥርጣሬ ነበር፣ እርሳቸውም እውነት መሆኑን አረጋገጡ ማለት ይሆናል። «አናውንስድ» ይቻላል፤ ዜናው ለመጀመሪያ ጊዜ በይፋ የተነገረ ከሆነ ብቻ። «አድሚትድ» ካሉማ መንገዱ ማለቁ ጥፋት ሆኖ ኃላፊው ጥፋታቸውን አመኑ ማለት ነው። «ሴድ» ቢሉ ግን ከዚህ ሁሉ ጣጣ ነጻ ይወጣሉ።

«ጠቆሙ» እና «አስገነዘቡ» የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። ብዙ ጊዜ የሚተኩባቸው «ፖይንትድ አውት» እና «ኖትድ» የተባለው ነገር እውነት መሆኑን ጸሐፊው ራሱ እንደተቀበለ ያሳያሉ። «ኃላፊው ፕሮጀክቱ ስኬታማ መሆኑን ጠቆሙ» የሚለውን በእነዚህ ከመለሱት፣ ስኬታማ ነው ያሉት ኃላፊው ብቻ መሆናቸው ቀርቶ ዜናውን የጻፈው ክፍልም ይህንኑ መስክሯል ማለት ነው። በሌላው ጫፍ ያለው «ክሌይምድ» ደግሞ «ብለዋል፣ እኛ ግን አላረጋገጥንም» የሚል ጥርጣሬ ያዘለ ስለሆነ ለራስዎ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ንግግር ባይጠቀሙበት ይሻላል።

«አሳሰቡ» በ«ሴድ» ብቻ የማይሸፈን ይዘት ስላለው «አርጅድ» ተብሎ ሊተረጎም ይገባዋል፤ ነገር ግን ይህ ግስ እንደ «ቴል» ሁሉ የተነገረውን ሰው አጠገቡ ይፈልጋል። «አርጅድ ዛት…» ብለው ከመጀመር ይልቅ ማንን እንዳሳሰቡ አስቀድመው ይጻፉ፤ በአማርኛው ላይ ካልተጠቀሰ የአማርኛውን ጸሐፊ ይጠይቁት። «አስጠነቀቁ» ለሚለው «ዎርንድ»፣ «አስተባበሉ» ለሚለው ደግሞ «ዲናይድ» ትክክለኛ አቻ ናቸው። «ዲናይ» እና «ሪፊውዝ» አንዳንዴ ሲቀላቀሉ ስለሚታይ ልዩነታቸውን ልጥቀስ፤ የመጀመሪያው «አላደረግሁም» ማለት ሲሆን የሁለተኛው «አላደርግም» ማለት ነው። ገንዘቡን አልወሰድሁም ያለን ሰው «ሂ ሪፊውዝድ ቱ ቴክ ዘ መኒ» ብሎ መጻፍ ጉቦ የተሰጠውን፣ ግን ያልተቀበለውን ሰው ያስመስለዋል፤ ይህ ደግሞ በችሎት ዜና ላይ ከሆነ የዜናውን ፍሬ ነገር ይለውጠዋል።

ጥያቄ፦ የምኖረው በአሜሪካ በቨርጂኒያ ግዛት ነው። ለዜግነት ማመልከቻ ቅጹን ስሞላ «ሃቭ ዩ ኤቨር ክሌይምድ ቱ ቢ ኤ ዩ ኤስ ሲቲዘን?» የሚል ጥያቄ አገኘሁ። አሁን ዜግነት እየጠየቅሁ ስለሆነ «የስ» ልል ነበር፤ አንድ ወዳጄ ግን ተው አለኝ። በተጨማሪም ከአገሬ ለሚላክልኝ የምስክርነት ጽሑፍ ወንድሜ «ለፖሊስ ቃሌን ሰጠሁ» ያለውን «አይ ጌቭ ማይ ዎርድ ቱ ዘ ፖሊስ» ብዬ ተርጉሜዋለሁ። ትክክል ነው?

መልስ፦ ወዳጅዎ ጥሩ አድርገዋል። «ክሌይም» በእንግሊዝኛ ሁለት ሰፊ አገልግሎቶች አሉት። አንደኛው ይገባኛል ብሎ መጠየቅ ነው፤ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ሻንጣ የሚወሰድበት ቦታ «ባጌጅ ክሌይም» የሚባለውና ለመድን ድርጅት የካሣ ጥያቄ የሚቀርበው በዚህ ትርጉም ነው። ብዙዎቻችን መጀመሪያ የምንተዋወቀው ከዚህኛው ጋር ስለሆነ የቅጹን ጥያቄ «ዜግነት ጠይቀህ ታውቃለህ?» ብሎ መረዳት አይገርምም። ሁለተኛው ግን ከላይ በዜናው ጉዳይ ያነሣነው ነው፤ አንድ ነገር እውነት ነው ብሎ መናገር፣ ሌላው ባያረጋግጠውም። ከ«ክሌይም» ቀጥሎ «ቱ ቢ» ሲመጣ ሁልጊዜ ይህ ሁለተኛው ትርጉም ነው።

ስለዚህ በኤን-400 ቅጽ ላይ የሚገኘው ጥያቄ «የአሜሪካ ዜጋ ነኝ ብለህ በጽሑፍም ሆነ በሌላ መንገድ ተናግረህ ታውቃለህ?» ማለት ነው። ዜግነት የሌለው ሰው ዜጋ ነኝ ማለቱ በአገሪቱ የኢሚግሬሽን ሕግ ከባድ ጉዳይ ነው፤ በተለይ ከሴፕቴምበር 30 ቀን 1996 ወዲህ የተደረገ ከሆነ ወደ አገር የመግባትና የመኖር መብትን እስከማሳጣት የሚደርስ ውጤት አለው። ማመልከቻ ማስገባት ግን ዜጋ ነኝ ማለት አይደለም። ምናልባት በሥራ ቅጥር ቅጽ ወይም በመራጮች ምዝገባ ላይ ሳያውቁ የዜጋውን ሳጥን ምልክት አድርገው ከሆነ መልሱን ከመጻፍዎ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክሩ፤ ይህ አምድ ቃሉን እንጂ ሕጉን ሊፈታልዎ አይችልም። በቃለ መጠይቁ ዕለት መኮንኑ ከቅጹ ውስጥ አንዱን ቃል በራስዎ አነጋገር እንዲያስረዱ ሊጠይቅዎ ስለሚችል «ክሌይም ቱ ቢ»ን «ሴይ ዛት አይ አም» ብለው ለማብራራት ቢዘጋጁ መልካም ነው።

የወንድምዎ ዓረፍተ ነገር መታረም አለበት። በእንግሊዝኛ «ጊቭ ዋንስ ዎርድ» ማለት ቃል መግባት ነው፤ እንደተረጎሙት ከሆነ ወንድምዎ ለፖሊስ አንድ ነገር አደርጋለሁ ብሎ ተስፋ የሰጠ ይመስላል። በምርመራ ላይ ቃል መስጠት «ቱ ጊቭ ኤ ስቴትመንት» ስለሚባል «አይ ጌቭ ኤ ስቴትመንት ቱ ዘ ፖሊስ» ብለው ይተኩት። በዚያው ጽሑፍ ውስጥ «ቃሌን ቀየርሁ» ወይም «ቃሌን አጠፍሁ» የሚል ካለ እርሱንም ይመልከቱት፤ ለፖሊስ የተሰጠውን ቃል መለወጥ «ቼንጅድ ማይ ስቴትመንት» ሲሆን «ብሮክ ማይ ዎርድ» የሚለው ግን የገቡትን ቃል ማፍረስ ነው።